ቴምብሩን ከካርዱ አትለዩ

(ሀዋሳ ውስጥ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። መግቢያ ሳላበዛ ወደ ነገሩ ልግባ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፖስትካርዶች አሉ። ስንጨርስ ቀርባችሁ ታዩአቸዋላችሁ፤ እስከዚያ እኔ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የአክሱም ነው። ቀለሙ ወደ ቢጫ አድልቷል፣ አንዱ ጥግ ታጥፏል። በፎቶው ላይ ከትልልቆቹ ሐውልቶች አንዱ ብቻ ቆሞ ይታያል። 33 ሜትር የሚደርሰው ግዙፉ ሐውልት ደግሞ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ካርዱ መቼ እንደታተመ የሚናገር ጽሑፍ የለበትም። ሁለተኛው ካርድ የሮም ነው። አደባባይ ላይ የአክሱም ሐውልት ቆሟል፤ ከኋላው የሚታየው ሰፊ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሐውልቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ተወስዶ ሮም ላይ ቆመ። ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በጥንት ቦታው መቆሙም ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። እንግዲህ አንድ ሐውልት ብቻ ቆሞ የሚታይበት የአክሱም ካርድ ፎቶው የተነሣው ከዚያ በፊት ነው። ዓመቱን ማንም ሳይጽፍበት ድንጋዩ ራሱ ነገረን።

ግን ከዚያ በፊት መቼ? ካርዱ ይህንን አይናገርም፤ የሚናገረው ማህተሙ ነው። ካርዱን አዙረን ስናይ ቴምብር ተለጥፎበታል፣ በላዩ የፖስታ ቤቱ ክብ ማህተም አርፎበታል። የማህተሙ ግማሽ ቴምብሩ ላይ ነው፣ ግማሹ ካርዱ ላይ። የከተማው ስም ከፊሉ እዚህ፣ ከፊሉ እዚያ ነው፤ ቀኑም እንደዚያው። አሁን አንድ ሰው ቴምብሩን ወዶት ውኃ ውስጥ ነክሮ ቢያነሣው በእጁ የሚቀረው ምንድን ነው? ግማሽ ክብ ያለበት ቴምብርና ግማሽ ክብ ያለበት ካርድ። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ የት፣ መቼ ብትሏቸው አይመልሱም።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። ሥዕሉ፣ ቴምብሩ፣ ማህተሙና ጽሑፉ አንድ ሰነድ ናቸው። የቅርስ ፖስትካርድ የምትሰበስቡም፣ የአበባ ቴምብር የምትሰበስቡም ብትሆኑ ሰነዱን አትበትኑት። በአገራችን ከሚበላሹት ስብስቦች ብዙዎቹ የሚበላሹት ከፍቅር ብዛት ነው፤ ልጁ ቴምብሩ ስላማረው ይልጠዋል፣ ቀሪውን ይጥለዋል።

ላሊበላን እንውሰድ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ከዝናብና ከፀሐይ ለመከላከል ሰፋፊ ጣሪያዎች ተሠሩ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ በመጠለያ ሥር ገቡ። ቤተ ጊዮርጊስ ሳይሸፈን ቀረ። ዛሬ የሚሸጡት የላሊበላ ካርዶች አብዛኞቹ የቤተ ጊዮርጊስ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ፎቶ አንሺው ብረትና ሸራ የሌለበት እይታ ይፈልጋል፤ ያንን የሚያገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ ቤተ መድኃኔ ዓለምን ያለ ጣሪያ፣ ከሰማዩ በታች ተገልጦ የሚያሳይ አሮጌ ካርድ ካገኛችሁ ዋጋውን አታቃልሉት። ያ እይታ አሁን በዓይን አይገኝም። ለመጠለያው ጥቅምና ጉዳት የሚከራከሩ ባለሙያዎች ድንጋዩ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይፈልጋሉ፤ ከቱሪስት ሱቅ በጥቂት ብር የተገዛ ካርድ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

ወደ ቴምብሩ ልምጣ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ፖስታ እንዲቋቋም የታወጀውም በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥዕሉን የሠራው ፈረንሳዊው ቀራጭ ዩጂን ሙሾን ሲሆን ሕትመቱ ፓሪስ ነበር። በሰባት ዋጋ የወጡ ናቸው፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አለ። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የምኒልክ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን አውሮፓ አያደርስም ነበር፤ ከጅቡቲ ወዲያ ለሚሄደው መንገድ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይታከልበታል። የሁለት መንግሥታት ቴምብር ጎን ለጎን የተለጠፈባቸው የዚያ ዘመን ፖስታዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ናቸው። አንድ ሰው ቴምብሮቹን ለያይቶ ለየአገሩ አልበም ቢያከፋፍላቸው ምን እንደሚጠፋ አስቡት። አገሪቱ ወደ ዓለም የፖስታ ሥርዓት የገባችበት ታሪክ ያለው በሁለቱ ቴምብሮች ጎረቤትነት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ በ1911 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ ውስጥ የታተመ ባለ ሥዕል ተከታታይ ወጣ፤ ቀጭኔው፣ ነብሩ፣ ሰጎኑ በቴምብር ላይ ታየ። የአገር ተፈጥሮ በፖስታችን ላይ መሳል የጀመረው እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ። ተማሪ ይዞ ለሚሄድ መምህር ከዚያ የተሻለ የታሪክ ክፍለ ጊዜ አላውቅም።

አሁን አበባ። አበባ ያለበት ካርድ መስጠትና መቀበል ለእኛ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ወንዶች ልጆች ወረቀት ላይ አበባና መልአክ በቀለም ስለው በየቤቱ እየዞሩ ይሰጣሉ፤ የቤቱ ባለቤት ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ሳንቲም ይሰጣል። ስንቶቻችን ነን ያንን ሥዕል አስቀምጠን የምናውቅ? በማግስቱ ይጣላል። እኔ ብጠየቅ ከማንኛውም የታተመ የአበባ ካርድ በፊት እንድትሰበስቡ የምመክራችሁ ይህንን ነው። ከጀርባው የልጁን ስም፣ ሰፈሩንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ጻፉበት። ዛሬ ሥዕሉ ከሱቅ በሚገዛ የታተመ ወረቀት እየተተካ ነው፤ በእጅ የተሳለው ደግሞ እየቀነሰ የሚሄድ ነገር ነው።

የአበባ ቴምብር ከሰፊዎቹ የቴምብር ዓይነቶች አንዱ ነው። ስዊዘርላንድ ለሕፃናት መርጃ በምታሳትማቸው ቴምብሮች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ የአልፕስ ተራራ አበቦችን አወጣች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1964 በፒዮኒ አበባ ብቻ 15 ቴምብር አሳተመች፤ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ የሚሳሱለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ለ50ዎቹ ግዛቶች የየራሳቸውን ወፍና አበባ በአንድ ወረቀት ላይ አወጣች። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1990 ለ47ቱ አውራጃዎቿ ለእያንዳንዳቸው አንድ አበባ ሰጠች። ቡታን የምትባለው ትንሽዬ የሂማላያ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የጽጌረዳ ቴምብሯን ሽቶ ቀብታ ሸጠችው፤ ስታሸቱት ጽጌረዳ ይሸታል።

የአሜሪካና የጃፓን አሠራር ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። አበባው ለቦታ ተሰጥቷል። አበባን ከቦታ ጋር ማስተሳሰር የመሰብሰብን መልክ ይለውጠዋል። እኔ ለተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብም ከዚህ የመነጨ ነው፦ አልበማችሁን በአገር ወይም በዋጋ አትከፋፍሉት። አንድ ገጽ ለአንድ ቅርስ ስጡ፤ የቅርሱን ፖስትካርድ አስቀምጡ፣ ከሥሩ በዚያ ምድር የሚበቅለውን አበባ የያዘ ቴምብር አስከትሉ።

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እንውሰድ። ላሊበላና ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች መካከል ናቸው። ለሰሜን ገጽ የሚመጣው አበባ ጅብራ ነው። ጅብራ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆያል፣ ከዚያ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል። አንዴ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ባሌ ተራሮችም ላይ አለ፤ ባሌ ደግሞ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ያው አንድ አበባ ሁለት ገጽ ያገናኝላችኋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አገር ያህላል። ተማሪው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይህ ተክል በሰሜንና በደቡብ ምሥራቅ ተራሮች ላይ እንዴት ተገኘ፣ መሐል ባለው ቆላ ላይስ ለምን የለም ብሎ ከጠየቀ፣ የጂኦግራፊና የሥነ ሕይወት መምህራን ሥራችሁ ተጀመረ ማለት ነው።

ኮሶም አለ። የኮሶ ዛፍ ወንዱ ሌላ፣ ሴቷ ሌላ ናቸው፤ በአንድ ዛፍ ላይ ሁለቱ አይገኙም። ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው፣ አያቶቻችን ለኮሶ ትል አድርቀው ፈጭተው የሚጠጡት፣ የሴቷ አበባ ነው። ኮሶ ያለበት ቴምብር ስታገኙ ሠዓሊው የትኛውን እንደሳለ ለዩ። ቀጋ ደግሞ ነጭ አበባ ያለው የጽጌረዳ ዘመድ ነው፤ ቀዩን ፍሬውን ያልበላ የገጠር ልጅ የለም። በአበባ ሱቅ ከሚሸጡት ጽጌረዳዎች ይልቅ የእኛ የሚባለው እርሱ ነው። አደይን መናገር አያስፈልገኝም።

ለእኛ ቅርብ ወደሆነው ልለፍ። ከሀዋሳ ወደ ዲላ ስትወርዱ የጌዴኦ ምድር ይቀበላችኋል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከባሌ ጋር በዚያው መስከረም ተመዘገበ። ካርዱ ላይ ምን ይነሣል? ብዙ ሰው ፎቶ የሚያነሣው የጨልባ ቱቱቲንና የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች ነው። ድንጋዮቹ ታላቅ ናቸው፤ ነገር ግን የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ እንዲህ ተደራርቦ ገደሉን የያዘው እርሻና ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው ደኖች ጭምር ናቸው። ስለዚህ የጌዴኦ ካርድ ስትመርጡ ድንጋይ ብቻ ያለበትን ይዛችሁ አትቁሙ፤ እንሰት ያለበትን ፈልጉ። ለዚህ ገጽ የሚሆነው አበባም የቡና አበባ ነው። የበልግ ዝናብ ጠብ እንዳለ ቡናው ነጭ ይለብሳል፣ መዓዛው ሰፈሩን ይሞላል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይረግፋል። ሲዳማም ጌዴኦም የሚያውቁት ሌላም አለ፤ ቅጠሉ ረግፎ ቀይ አበባው ብቻ ሲቀር ከሩቅ የሚለየው ቆርች። አጥር ሆኖ ይተከላል፣ ጥላም ይሆናል።

2016 ዓ.ም. ለቅርስ ሰብሳቢ የተለየ ዓመት ነበር። በመስከረም በጌዴኦና በባሌ ተከፍቶ፣ በሐምሌ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ተመዝግቦ ተዘጋ፤ የአገራችን የዓለም ቅርሶችም 12 ደረሱ። ጢያ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሐረር ጀጎል ከ1998፣ ኮንሶ ከ2003 ጀምሮ በመዝገቡ ላይ ናቸው። አሥራ ሁለት ቦታ ማለት አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ሊሞላው የሚችል አልበም ነው።

አሁን ሰብሳቢዎች ማክሲ ካርድ ስለሚሉት ነገር ልንገራችሁ፤ ካርድንና ቴምብርን አለመለየት ከዚህ በላይ የሚከበርበት ቦታ የለም። ማክሲ ካርድ ላይ ቴምብሩ የሚለጠፈው በአድራሻው በኩል ሳይሆን በሥዕሉ በኩል ነው፤ ማህተሙም በዚያው ላይ ይመታል። ሦስት ነገር መግጠም አለበት። የካርዱ ሥዕልና የቴምብሩ ሥዕል አንድ ጉዳይ መሆን አለባቸው። ማህተሙ የተመታበት ከተማ ከጉዳዩ ጋር መያያዝ አለበት። ቀኑም ቴምብሩ በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ውስጥ፣ ከተቻለ በወጣበት ሰሞን መሆን አለበት። ካርዱ የቴምብሩን ሥዕል አጉልቶ የደገመ ብቻ ከሆነ አይወደድም፤ ጉዳዩን በራሱ ፎቶ ማሳየት ይጠበቅበታል።

የፋሲል ግቢ ካርድ ላይ የፋሲል ቴምብር ተለጥፎ የሀዋሳ ማህተም ቢመታበት ቆንጆ ነው፤ ማክሲ ካርድ ግን ጎንደር ላይ የተመታው ነው። ሰብሳቢውን ከወንበሩ የሚያስነሣው ይህ ሕግ ነው። ወይ ራስህ ትሄዳለህ፣ ወይ እዚያ ያለ ሰው ትለምናለህ። ጎንደር ያለ ተማሪና ሀዋሳ ያለ ተማሪ ይህንን ሥራ ለእርስ በርስ ቢሠሩ ምን ያህል እንደሚተዋወቁ አስቡት። አንዱ የፋሲልን ይልካል፣ ሌላዋ ዲላ ድረስ ሄዳ የጌዴኦን አስመትታ ትልካለች።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝን ልናገር። የደቡቡ ክፍል ካርድ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ የቱሪስት ሱቅ ገብታችሁ መደርደሪያውን ብታዞሩት ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አክሱም ይመጣል፤ የእኛ አካባቢ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ፊት ነው፣ ከንፈር፣ ቀለም የተቀባ ገላ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው። ቦታው የት ነው? ማን ነው? ከጀርባው አልተጻፈም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሰውን ያለ ስሙና ያለ ቦታው ማተም ሰነድነቱን ከመጀመሪያው ማጥፋት ነው።

ስለዚህ እኛው እናዘጋጅ። ፎቶ የሚያነሣ ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ፣ ማተሚያ ቤት በከተማችን አለ። ፊቼ ጨምባላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በዓሉ በሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ ላይ፣ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ከሩቅ ማንሣት ቀላል ነው። እኔ የምፈልገው ካርድ ግን ሌላ ነው፤ አያንቱዎች፣ ማለትም የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች፣ ከዋክብትን አይተው ቀኑን የሚለዩበት፣ ከእንሰት የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ የሚቀርብበት፣ ልጆች «አይዴ ጨምባላላ» እያሉ በየቤቱ የሚዞሩበት። ከላይ ያነሣሁትን የእንቁጣጣሽ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ሁለቱም ዘመን ሲለወጥ በየደጁ የሚዞሩ ልጆች ናቸው። በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። ካርዱ ጀርባ ላይ በአማርኛና በሲዳምኛ ምን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ እንደተነሣ ይጻፍ፤ የሚታይ ሰው ካለም ፈቃዱ ተጠይቆ ይሁን።

ከዚያ ካርዱን ላኩት። ይህ የግድ ነው። ካልተላከ ሥዕል ነው። ሀዋሳ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ቴምብር ግዙ፣ ባለመስኮቱን ማህተሙን በደንብ፣ ሳያንሸራትት እንዲመታው በትሕትና ጠይቁ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ስለማይመጣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ደስ እያላቸው ሲያደርጉት አይቻለሁ።

የምታገኙትን ቴምብር ሁሉ ግን አትመኑ። የአበባ ሥዕል ስለሚሸጥ በአፍሪካ አገሮች ስም፣ አገሮቹ ሳያውቁት የሚታተሙ ቴምብሮች በገበያ አሉ። ቀለማቸው ደማቅ ነው፣ ዋጋቸው ርካሽ ነው፣ ፖስታ ቤት መስኮት አጠገብ ደርሰው አያውቁም። የዓለም ፖስታ ኅብረት ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሕጋዊ ቴምብሮችን በቁጥር መመዝገብ የጀመረው። ሌላም አለ፤ ፖስታ ቤት ራሱ ለሰብሳቢ ብሎ፣ ቴምብሮቹ ከወረቀታቸው ሳይነጣጠሉ፣ ጥጋቸው ላይ ማህተም አትሞባቸው የሚሸጣቸው። ለይቶ ማወቂያው ጀርባው ነው፤ ማህተም ተመቶበት ሙጫው ሳይነካ ካለ፣ ያ ቴምብር ደብዳቤ ይዞ አልሄደም። ሕጋዊ ነው፤ ግን ከዲላ ተመትቶ የመጣ አንድ የደከመ ቴምብር ከእንደዚህ ዓይነቱ መቶ ይበልጥብኛል።

አሮጌ ፖስትካርድ ስታገኙ ጀርባውን ቀድማችሁ እዩ። ፖስትካርድ በኦስትሪያ ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲጀመር ሥዕል አልነበረውም፤ ከደብዳቤ የረከሰ ባዶ ካርድ ነበር። ሥዕል ከመጣም በኋላ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ነበርና ሰዎች ሰላምታቸውን በሥዕሉ ዳርና ዳር ያጣብቡ ነበር። ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለጽሑፍ መስጠት በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902፣ በአሜሪካ በ1907 ተፈቀደ። መስመር የሌለው ጀርባ ካያችሁ እንግዲህ በእጃችሁ ያለው ነገር ዕድሜ አለው።

ስለ አያያዝ በአጭሩ። እኛ ሐይቅ ዳር ነን፤ ክረምት ላይ እርጥበት አለ፣ ብል አለ። አልበማችሁን ከውጭ ግድግዳ ጋር አታስጠጉት፤ ፀሐይ የሚገባበት ቦታም አታስቀምጡት። ቴምብርን በጣት አትያዙ፣ ጫፉ ያልሾለ ወረንጦ ይበቃል። ስኮች የሚባለው ማጣበቂያ በፍጹም አይነካካው፤ ዓመታት ሲያልፉ ወረቀቱን ቡናማ ያደርገዋል፣ አይለቅም። የሚሸተው ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስም ቀለሙን ይስባል። ከተራ ፖስታ ላይ፣ ማህተሙ ጭራሽ የማይነበብ ቴምብር ካላችሁ ብቻ ወረቀቱን ዙሪያውን ቁረጡና ለብ ያለ ውኃ ላይ አስቀምጡት፤ ራሱ ሲለቅ አንሥታችሁ በንጹሕ ወረቀት ላይ በፊቱ ደፍታችሁ አድርቁት። ቸኩሎ መላጥ ጀርባውን ይቀደዋል፤ ጠርዙ ላይ ካሉት ጥርሶች አንዱ ከጎደለም ቴምብሩ ዋጋ አጣ። እንደ ስቲከር የሚለጠፉትን አዲሶቹን አትንከሯቸው።

በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን እዚህ አስገብቻለሁ።

አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁሉም ፎቶ በስልክ በሚላክበት ዘመን ይህ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። የእኔ መልስ ይህ ነበር፦ በስልክ ላከው፣ እኔም እልካለሁ። ግን ስልክህ ውስጥ ያለውን ፎቶ ከሦስት ስልክ በኋላ የት ታገኘዋለህ? በቴሌግራም የደረሰህን የላሊበላ ፎቶ ማን፣ መቼ እንዳነሣው ታውቃለህ? ካርዱ ላይ ቀኑን የመታው አንተም እኔም አይደለንም፤ መንግሥት የሾመው ሦስተኛ ሰው ነው። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስልክህን ደግሞ ለሌላ ተጠቀምበት፤ የካርዱን ፊትና ጀርባ፣ ሁለቱንም፣ አንሥተህ ቅጂ አስቀምጥ።

አንዲት እናት ልጃቸው ማሰባሰብ ቢፈልግም ወጪው እንዳሳሰባቸው ተናገሩ። እማማ፣ በመግዛት አይጀምር። የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የፖስታ ሣጥን ካለው የሚመጣውን ፖስታ ሳይጥሉ እንዲያስቀምጡለት ይጠይቅ። በአገራችን ደብዳቤ የሚደርሰው በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነውና ቴምብር የሚገኘው ሣጥን ያለው ሰው ዘንድ ነው። አንድ ርዕስ ብቻ ይምረጥ፤ ለምሳሌ የቡና አበባ፣ ወይም ኮንሶ። ሁሉን ልሰብስብ የሚል ልጅ ይሰለቻል፣ ገንዘብም ይጨርሳል።

አንድ አዛውንት ደግሞ ከአባታቸው የተረፈ አንድ ሣጥን ሙሉ ደብዳቤ ቤታቸው እንዳለ፣ የልጅ ልጆቻቸው ቴምብሮቹን እንዲሰጧቸው እንደሚወተውቷቸው ነገሩን። አባቴ፣ እባክዎ ቴምብሮቹ አይላጡ። ደብዳቤውን ከፖስታው አይለዩት፤ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ፖስታ እንደወጣ አንዴ ከተደባለቀ መልሶ መግጠም ይከብዳል። በደረሱበት ዓመት ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው፣ ማህተሙ የማይነበበውን ውስጡ ባለው የደብዳቤው ቀን ይለዩት። ልጆቹን ደግሞ አጠገብዎ አስቀምጠው አባትዎ ለማን እንደጻፉ፣ ላኪው ማን እንደነበረ ይንገሯቸውና እነርሱ በተለየ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይመዝግቡት። ያንን ወረቀት ከየፖስታው ጋር አብረው ያስቀምጡት። ከፈቀዱልኝ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ አብሬያችሁ እደረድራለሁ።